በሦስት እግር መቆም
(እግሩ የተቆረጠን ውሻ ስለ ማስታመም)

በገጠሩ ኑሯችን ውሻ የቤት ጌጥ አይደለም፤ ሥራ ያለው ፍጥረት ነው። ሌሊት ጅብ ከበረት እንዳይገባ፥ ቀን ቀበሮ ጠቦት እንዳይነጥቅ፥ ሌባም አጥር እንዳይዘል የሚከለክል እርሱ ነው። ደመወዙ ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለውም ስለዚህ ታማኝነቱ ነው። ነገር ግን ይህ ታማኝ ዘበኛ አንድ ቀን እግሩ የተሰበረ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ መንደር ዳር ይጣልና ሌሊቱን ለጅብ ሲሳይ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ በአንድ ክረምት ለዕረፍት ወደ አምበር በሄድሁ ጊዜ የገጠመኝ ነገር ነው። መከታ የሚባለውን የግቢያችንን ውሻ የጭነት መኪና ገጭቶ የግራ የኋላ እግሩን ጨፈለቀው። አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱት በኋላ፥ «ልጄ፥ ሦስት እግር ያለው ውሻ ምን ይሆናል? ሳይሠቃይ ቢገላገል አይሻልም?» አሉኝ። ቃላቸው የጭካኔ አልነበረም፤ እርሳቸው የሚያውቁት ምሕረት ይኸው ነበር። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተብዬ ቆሜ የምመልሰው አጣሁ። ብዙ ከተጠያየቅን በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ተገኘ፤ እግሩም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የነበረው ማስታመም በእኛ በቤተ ሰቡ እጅ ወደቀ። እንግዲህ ከሐኪሙ የሰማሁትን፥ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ለአንባቢዎች እነሆ።

፩. እግር ስለ ምን ይቆረጣል?

ሐኪም እግር የሚቆርጠው ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው። አጥንቱ ተፈጭቶ የማይገጥም ሲሆን፥ ደም ሥሩና ነርቩ ተበጥሶ እግሩ ሲሞት፥ ቁስሉ መግሎ መርዙ ወደ ሰውነት ሊሠራጭ ሲል፥ ወይም በአጥንት ላይ ነቀርሳ ሲበቅል ነው። በነቀርሳ ጊዜ መቁረጡ ሥቃይን ያስወግዳል እንጂ በሽታውን ፈጽሞ አይነቅልም፤ ነቀርሳው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ሳንባ ዘር ጥሏልና። በአደጋ ምክንያት የተቆረጠ ውሻ ግን ቁስሉ ከዳነ ዕድሜውን ሙሉ ሊኖር ይችላል።

የሰው ልጅ ይህን ሥራ ያለ ከባድ ሥቃይ ለመፈጸም የቻለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ በኤተር ማደንዘዝን በሐኪሞች ፊት አሳየ። በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ እያጸዱ ከመመርቀዝ ማዳን እንደሚቻል ጻፈ። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በቢሾፍቱ በ1979 ተቋቁሟል፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል።

አንባቢ እግሩ ለምን ከጉልበት በታች አይቆረጥም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጉማጅ ቢቀር ውሻው ሊረግጥበት ይሞክራል፤ ጫፉም ከመሬት እየተጋጨ ዘወትር ይቆስላል። ስለዚህ የኋላው እግር ከታፋ ላይ፥ የፊተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከትከሻ አጥንቱ ጋራ ይወሰዳል።

፪. ሦስት እግር ይበቃልን?

ሰው አንድ እግሩን ሲያጣ ከመቆሚያው እኩሌታውን ያጣል፤ ውሻ ግን ከአራት አንዱን ነው። በየቤታችን ያለውን በርጩማ እንመልከት። ሦስት እግር ብቻ አለው፤ ነገር ግን አባጣ ጎርባጣ በሆነ መሬት ላይ ቢቀመጥ አይናጋም። ባለ አራት እግሩ ወንበር ግን ይናጋል። ድስታችንንም የሚሸከሙት ሦስት ጉልቻዎች ናቸው። ሦስት ነጥብ ለመቆም ይበቃል ማለት ነው።

ልዩነቱ የትኛው እግር እንደ ጠፋ ነው። ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን የፊት እግሮቹ፥ 40 ያህሉን የኋላዎቹ ይሸከማሉ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በእያንዳንዱ የፊት እግሩ 6 ኪሎ፥ በእያንዳንዱ የኋላ እግሩ 4 ኪሎ ያህል ያሳርፋል ማለት ነው። ስለዚህ የኋላውን ያጣው ፈጥኖ ይለምዳል፤ የፊተኛውን ያጣው ግን ራሱና ደረቱ ስለሚከብዱት ሚዛኑን ለመጠበቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እጅግ የወፈረ፥ ወይም የቀሩት እግሮቹ በመገጣጠሚያ በሽታ የተያዙ ውሻ ከሆነ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ በብርቱ ሊያስብበት ይገባል።

፫. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ማደንዘዣው እስኪለቀው ድረስ፥ ይኸውም እስከ አንድ ቀን፥ ውሻው ሊያላዝን፥ ሊንቀጠቀጥ፥ ጌታውንም የማያውቅ ሊመስል ይችላል። ይህን አይቶ መደንገጥ አይገባም። ሰውነቱ ስለሚቀዘቅዝ ጨርቅ ይደረብለት፤ ነገር ግን ከእሳት አጠገብ አይተኛ፥ ሸሽቶ መራቅ አይችልምና። በደንብ ከነቃ በኋላ ጥቂት ጥቂት ውኃ፥ ቀጥሎም ጥቂት ምግብ ይሰጠው። በመጀመሪያው ቀን አልበላም ቢል፥ ለሁለትና ለሦስት ቀንም ዓይነ ምድር ባይወጣ የተለመደ ነው። ሽንት ግን በአንድ ቀን ውስጥ መሽናት አለበት።

መኝታው ደረቅና ለስላሳ ይሁን። እኛ ከታች የጤፍ ጭድ፥ በላዩ ጆንያ፥ ከሁሉ በላይ የታጠበ አሮጌ አንሶላ አነጠፍንለት። ጭዱ ከቁስሉ ጋራ እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ያሻል። ራሱ መነሣት ካልቻለ በየአራት ሰዓቱ ጎኑን ማገላበጥ ይገባል። የተለሰነ ወለል ለእግሩ ይመቸዋል፤ ሊሾ ሲሚንቶና ሸክላ ንጣፍ ግን ያንሸራትቱታልና ጆንያ ወይም ምንጣፍ ይነጠፍባቸው።

አብዛኛው ውሻ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይቆማል። ለማስነሣት አሮጌ ጋቢ አጥፎ ከሆዱ በታች፥ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ መያዝ ነው። መሸከም ሳይሆን መደገፍ ብቻ ይበቃል። መከታ በማግሥቱ ጧት እንዲህ ተደግፎ ወጣ፤ ከአጥሩ ሥር ሸንቶ ተመለሰ። አባቴ ይህን ከደጃፍ ቆመው አዩ፤ ምንም አልተናገሩም።

፬. ቁስሉን ስለ መጠበቅ

ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆይና በሐኪም እጅ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ቁስሉ ደረቅ ይሁን፤ ውሻውም አይታጠብ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ማበጥ፥ መጥቆርና ቀላ ያለ ውኃ መንጠብ አያስፈራም። ነገር ግን እብጠቱ ዕለት ዕለት ከጨመረ፥ መግል ከወጣው፥ ከሸተተ፥ ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ደም ካላቋረጠ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ39.5 በላይ ሲወጣ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ቁስል ላይ የቡና ዱቄት፥ አመድ፥ ቅቤ ወይም እበት ማድረግ በብዙ ቦታ የታወቀ ነው። ለሰውም ለእንስሳም የማይበጅ ነው፤ ጀርም ያስገባልና። በክረምት ደግሞ ዝንብ ሌላ ጠላት ነው። ዝንብ በቁስል ላይ ዕንቁላሏን ስትጥል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። ስለዚህ ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የራሱ የውሻው ምላስ ነው። «ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ምላሱ ስፌቱን ይፈታል፥ የአፉም ጀርም ቁስሉን ያመረቅዛል። መከላከያው በአንገቱ ዙሪያ የሚታሰር እንደ ጥሩምባ የሰፋ አንገትጌ ነው። የተሠራ ከሌለ ከካርቶን ወይም ቂጡ ከተቆረጠ የላስቲክ ባልዲ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ማዘጋጀት ይቻላል። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በአምስተኛው ቀን አሳዘነኝና ሌሊቱን ፈታሁለት። በማግሥቱ ሁለት ስፌት ተበጥሶ አገኘሁ፤ እንደ ገና መሰፋት ግድ ሆነ። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ምን እንደሚያደርግ ያን ቀን ተማርሁ።

፭. ሕመምን ስለ ማስታገሥ

ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ዝም ስላለ አላመመውም ማለት አይደለም። ማለክለክ፥ መንቀጥቀጥ፥ መቆራመድ፥ ምግብ መተው፥ ሲነኩት ማጉረምረም የሕመም ምልክቶች ናቸው። ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ በሰዓቱ፥ በልኩና እስከ መጨረሻው ይሰጥ። ከቤት የተገኘውን የሰው መድኃኒት መስጠት ግን አደገኛ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፥ ኩላሊቱን ይገድላሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ውሻው ተኝቶ ሳለ በድንገት ጮኾ እግሩ ወደ ነበረበት ቦታ ዘወር ይላል። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች የሌለው እግራቸው እንደሚያማቸው ይናገራሉ፤ የተቆረጠው ነርቭ ለአእምሮ መልእክት ማስተላለፉን አላቋረጠምና። በውሻም ላይ ይህን የመሰለ ነገር እንዳለ ይታመናል። ሐኪም ሲነገረው ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ያዛል።

፮. ምግብና እንቅስቃሴ

ቁስል የሚጠገነው በምግብ ነው። የተቀቀለ ዕንቁላል፥ ሥጋ፥ ወተት ከተስማማው ወተት፥ ከእንጀራው ጋራ ይሰጠው። የወጥ ትራፊ ግን ይቅርበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳልና። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ከዳነ በኋላ ደግሞ እንዲወፍር አይፈቀድለት፤ አራት እግሮች ይሸከሙት የነበረውን ሸክም አሁን ሦስቱ ናቸው የሚሸከሙት። የፊት እግሩን ያጣ ውሻ ሲበላ እንዳያጎነብስ ሣህኑ ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት እስከ አራት ሳምንታት መሮጥ፥ መዝለልና ደረጃ መውጣት ይከልከል። በገመድ ተይዞ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ መራመድ ይበቃዋል። ስፌቱ ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ይጨመርለት። በዝግታ መሄድ ለባለ ሦስት እግር ይከብደዋል፤ መዝለል እየመሰለ ፈጠን ቢል አይደንቅም። የሚበዙት ውሾች በአንድ ወር ያህል ጊዜ አዲሱን አረማመድ ይለምዱታል። ጥፍሮቹ ይከርከሙ፤ የቀሩት እግሮቹ መዳፍም እንዳይሰነጠቅ ይታይ።

፯. የማይዘነጋ ጥንቃቄ

የታመመ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። የተጎዳውን ከማንሣት በፊት አፉን በጨርቅ ማሰር፥ መተንፈሱንም መጠበቅ ይገባል። ውሻው የተጎዳው በሌላ ውሻ ወይም በዱር አውሬ ንክሻ ከሆነ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል በእጅ አይነካ፤ ለሐኪም ይነገር። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ አደጋ ከመቶ 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ቤተ ሰብን ማስከተብ ነው።

መደምደሚያ

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ጅብ ከአጥሩ ውጭ ጮኸ። መከታ ከመኝታው ተነሥቶ፥ መጀመሪያ ተንገዳግዶ፥ ከበረቱ አፍ ደርሶ እንደ ቀድሞው ይጮኽ ጀመር። አባቴ ከመደባቸው ቀና ብለው አዳመጡ። ከዚያም፥ «ለካ የሚጮኸው በእግሩ አልነበረም» አሉና ተመልሰው ተኙ። በማግሥቱ ፍርፋሪውን በራሳቸው እጅ ሰጡት።

እርግጥ ነው፥ ቀዶ ሕክምና በየመንደሩ አይገኝም፤ ዋጋውም ለብዙ ገበሬ ይከብዳል። ሐኪም ሳይኖር እግር ለመቁረጥ መሞከር ደግሞ ግፍ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሐኪሙ ራሱ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ሊመክር ይችላል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ሳይጠይቁ መፍረድ ነው። እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ «ምን ይሆናል?» ለሚለው የአባቶቻችን ጥያቄ አንድ ሁለት እውነተኛ መልስ ይዘን ብንገባ፥ ከመጻሕፍት የወሰድነውን ለበሉበት ለሚጮኹት መለስን ማለት ነው።