ትራንስፎርመሩ የሚያስቀረው ኃይል የማን ዕዳ ነው?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀና መንገደኛ፣ በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቀንና ሌሊት የሚያጉረመርም የብረት ሣጥን ሳያይ አያልፍም፤ ይኸውም በአገራችን በ15 ወይም በ33 ሺህ ቮልት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለወፍጮ ሞተር ወደሚስማማው 380 ቮልት የሚያወርደው ትራንስፎርመር ነው።

ይህ መሣሪያ የተቀበለውን ሁሉ አሳልፎ አይሰጥም፤ ጥቂቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀራል። ብክነቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ የብረት እምብርቱ መግነጢስ በየሴኮንዱ 50 ዙር ስለሚገላበጥ የሚደርሰው ሲሆን፣ ወፍጮው ቢፈጭም ባይፈጭም፣ በዓል ቢውልም ቢሽርም፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ማኅሌት እንደሚቆሙ ካህናት ሌሊቱን ሁሉ ሳያርፍ ያድራል። ሁለተኛው በመዳብ ጥምጥሙ ውስጥ የሚደርሰው ነው፤ ይህም እንግሊዛዊው ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ባለወፍጮው ትራንስፎርመሩን በገዛ ገንዘቡ ቢያስተክልና የኃይል ሽያጩ ውል በከፍተኛው ቮልት በኩል ቢሆን፣ ቆጣሪው ግን ለከፍተኛ ቮልት የሚሆነው የመለኪያ ዕቃ ውድ ስለሆነ በ380 ቮልት በኩል ቢገጠም፣ ቆጣሪው ከፊቱ ያለፈውን በእውነት ይመሰክራል እንጂ በትራንስፎርመሩ ውስጥ የቀረውን አያውቅም። ስለዚህ ያ ብክነት ተሰልቶ በንባቡ ላይ ይታከላል፤ ይህም ቅጣት ሳይሆን የሒሳብ ማሟያ ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በርትዕ እንዲሆን ያስፈልጋል። ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በእምብርቱ 300 ዋት፣ በሙሉ ጭነት ደግሞ በመዳቡ 1,800 ዋት ያስቀራል እንበል። የእምብርቱ ብክነት በ30 ቀን 216 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ወፍጮው በግማሽ ጭነት፣ ማለት የሞተሩ የኃይል ፋክተር ታስቦ በ40 ኪሎዋት፣ በወር 208 ሰዓት ቢሠራ፣ የመዳቡ ብክነት ወደ 94 ይደርሳል፤ ጠቅላላው 310 ሲሆን፣ ቆጣሪው ካነበበው 8,320 ኪሎዋት ሰዓት አራት በመቶ እንኳ አይሞላም። እህል ከጎተራ በጎደለበት በክረምት ግን ሥራው ወደ 52 ሰዓት ቢወርድ፣ ንባቡ 2,080 ብቻ ሲሆን ብክነቱ ወደ 239፣ ከመቶ 11 ተኩል ገደማ ይሆናል። እንግዲያስ ለወራቱ ሁሉ አንድ የመቶኛ ተመን ቢቈረጥ፣ በአንዱ ወር ደንበኛው፣ በሌላው ሻጩ መጐዳቱ አይቀርም።

የዘመኑ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ሁለቱን ብክነቶች ለይተው ራሳቸው ሊደምሩ ይችላሉ፤ የሚደምሩት ግን በውስጣቸው የተሞላላቸውን ቍጥር ስለሆነ፣ ቍጥሩ ከፋብሪካው የፍተሻ ሰነድ መወሰድ አለበት። ስለዚህ ትራንስፎርመር የሚገዛ ሰው ሰነዱን ተቀብሎ ይያዝ፤ ደግሞም ለወደፊቱ ይበጃል ብሎ ከሥራው እጅግ የገዘፈውን አይምረጥ፣ የትልቅ እምብርት ዕዳ ሞተሩ ቆሞ በሚያድርበት ሌሊት ሁሉ ይቈጠራልና።