የፌዴራል ድጎማ በጀትና የጤና ተቋማት የጊዜ ገደብ

በአንዳንድ አገሮች ክልሎች የፌዴራል መንግሥቱን ገንዘብ የሚያገኙት በተወሰነ ቀን ማመልከቻ በማቅረብ ነው። በኢትዮጵያ ግን የክልሎች ዋነኛ ድጎማ በማመልከቻ አይገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ የየዓመቱን በጀት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ቀመሩም የክልሎችን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም ያገናዝባል።

የአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከድጎማውና ከራሱ ገቢ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያከፋፍላል። ጥቅል በጀት ሲባል «ይህ ለጤና፣ ይህ ለትምህርት» ተብሎ ያልተከፈለ ገንዘብ ማለት ነው። በመሆኑም የአንኮበር ጤና ጣቢያዎች ድርሻ የሚወሰነው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሳይሆን በወረዳው ምክር ቤት ነው። በዚያም ጤና ከትምህርት፣ ከግብርናና ከውኃ ጋር ይወዳደራል። ከጥቅል በጀቱ አብዛኛውን ደመወዝ ስለሚወስደው ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ለጤና ባለሙያው ወሳኝ የሆነው የጊዜ ገደብም እዚሁ ላይ ይገኛል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። የፌዴራሉ በጀት አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ወር ይጸድቃል፤ የክልሉና የወረዳው ተከታትለው ይጸድቃሉ። ሆኖም የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የበጀት ጥሪ የሚያስተላልፈው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ለጥሪው በወቅቱ ያልተመለሰ ጥያቄ በካቢኔው ፊት ጠበቃ አይኖረውም፤ ያለፈው ዓመት አኃዝ እንዳለ ሊደገም ይችላል። ውጤቱ የሚታየው በክረምት፣ ለክትባት ማቀዝቀዣ ነዳጅ ወይም ለወላድ ማመላለሻ አምቡላንስ ጥገና ሲታጣ ነው።

የጤና ተቋማት ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስቡት የውስጥ ገቢ ለጥቅል በጀቱ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም፤ እርሱም በበጀት ተይዞ ካልጸደቀ ወጪ ሊደረግ አይችልም።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዙሪያም ሆነ በአንኮበር ተራሮች የሚገኝ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሦስት ነገሮችን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል፦ የዓመቱን የሕሙማንና የወሊድ ቁጥር፣ የመድኃኒት ፍጆታውን፣ እንዲሁም የነዳጅና የጥገና ወጪውን። የምዝገባ መዝገቡን በየወሩ በጥንቃቄ የሚሞላ ነርስም የበጀት ክርክሩን ከወዲሁ እያገዘ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።