በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚቋጥር ከረጢት

በግ ወይም ፍየል ታርዶ ሆድ ዕቃው በሚወጣበት ጊዜ በጕበቱ ወይም በሳንባው ላይ ነጭ፥ ውኃ የሞላበት ከረጢት ተጣብቆ የሚገኝበት ቀን አለ። አራጁም ያን ክፍል ቈርጦ በደጅ ለሚጠብቀው ውሻ ይጥልለታል። ነገሩ ከአባቶች ጀምሮ የተለመደ ስለ ሆነ እንደ ጥፋት የሚቈጥረው የለም። ነገር ግን ከዚያ ከረጢት የሚነሣው በሽታ ተመልሶ ወደ ቤተ ሰቡ፥ ይልቁንም ከውሻ ጋራ ወደሚጫወቱት ሕፃናት ይደርሳል።

ሐኪሞች የራሱ ሽፋን ኖሮት በውስጡ ውኃ ወይም ውኃ መሰል ነገር የቋጠረውን ከረጢት ሁሉ ሲስት ይሉታል። ቃሉ የመጣው በጽርዕ ቋንቋ ኪስቲስ ከሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ፊኛ ወይም ከረጢት ማለት ነው። መግል ከቋጠረ እብጠት ይለያል፤ መግል የቋጠረው ያቃጥላል፥ ፈጥኖም ያድጋል፤ ሲስት ግን ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ በዝግታ ያድጋል። ደግሞም ሲስት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በሸመገሉ ሰዎች ኵላሊት ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጕዳት የለውም። ከትል የሚመጣው ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ይህን ሃይዳቲድ ሲስት ይሉታል፤ ሃይዳቲድ የሚለውም በጽርዕ ውኃ ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ትሉ ኤኪኖኮከስ ይባላል። ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ በውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ ቢቈጠር እንኳ ውሻው ጤነኛ ይመስላል። በዓይን የማይታየው እንቍላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በሣሩ፥ በውኃው፥ በጓሮ አትክልቱና በራሱ በውሻው ጠጕር ላይ ይጣበቃል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ስፍራም ብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። በግ ከሣሩ ጋራ ይበላዋል፤ ሕፃንም ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ ይውጠዋል። ከዚያም በአንጀት ተፈልፍሎ፥ በደም ተጕዞ፥ አብዛኛው በጕበት ይቀራል፤ ጕበትን ያለፈው በሳንባ ያርፋል፤ ጥቂቱም ወደ አንጎልና ወደ ሌላ ብልት ይደርሳል። በዚያም ከረጢት ሆኖ ያድጋል። በከረጢቱ ግርጌ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታየው የትሎች ራስ ነው፤ ወደ ውሻ ሆድ የገባ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ሙሉ ትል ለመሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ይህን ከኰሶ ትል ጋራ አንድ ያደርገዋል። የኰሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ ይመጣል፤ ረጅምም ስለ ሆነ ሲወጣ ይታያል። ይህኛው ወደ ሰው የሚመጣው ከሥጋ ሳይሆን ከውሻ ነውና ጥሬ ሥጋ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ይያዛል። ኰሶ መጠጣትም ከረጢቱን አያጠፋውም።

ከረጢቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። ኋላ ብርቱካን ወይም ከዚያ የሚበልጥ አክሎ ጕበትን ሲጫን ከቀኝ ጎድን በታች ይከብዳል፤ በሳንባ ሲሆን ያስላል። በዚህ ጊዜ እብጠቱን በወስፌ ወይም በጋለ ብረት ልብሳው የሚል ሰው አይታጣም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ውኃው በሆድ ውስጥ ቢፈስ ሰውነትን አስቈጥቶ ወዲያው ሊገድል ይችላል፤ በሽተኛው ቢተርፍም የፈሰሰው አሸዋ በየስፍራው አዲስ ከረጢት ይሆናል። ሐኪም ግን አልትራሳውንድ በሚባለው መሣሪያ ከረጢቱን ከውጭ አይቶ፥ እንደ መጠኑና እንደ ሁኔታው አልቤንዳዞል የሚባለውን መድኃኒት ለወራት ይሰጣል፤ ወይም በሽተኛውን በመድኃኒት እየጠበቀ ውኃውን በመርፌ ይቀዳል፤ ወይም በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል። በውስጡ ያለው የሞተ እንደ ሆነም እየተመለከቱ መቈየት ብቻ ይበቃል።

በሽታው በኢትዮጵያም በሚታረዱ በጎችና ከብቶች ላይ ይገኛል፤ በጎረቤት በኬንያ ደግሞ የቱርካናን አርብቶ አደሮች እጅግ ጐድቷል። ሕዝብ ሊያጠፋው እንደሚችል ግን በአይስላንድ ደሴት ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ሐራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ወደዚያ ሄዶ ውሾችን ቢመረምር ከአራት አንድ በሚበልጡት ትሉ ተገኘባቸው። በ1864 ክራቤ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለየቤቱ በነፃ ታደለ፤ የአገሩም ሰው ንባብ የሚያውቅ ስለ ነበረ ከረጢቱን መቅበርና ማቃጠል ለመደ። በ1869 ስለ ውሾች ሕግ ወጣ፤ ኋላም ውሾች መድኃኒት እንዲወስዱ ታዘዘ። 20ኛው መቶ ዓመት ሳያልቅ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ።

ቅርጫ በሚታረድበት ስፍራ ሥራው ቀላል ነው። ሆድ ዕቃው ተመርምሮ እስኪያበቃ ድረስ ውሻ ይታሰራል፤ ከረጢት ያለበት ጕበትና ሳንባም ውሻ ሊቈፍረው በማይችል ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበራል፥ ወይም ይቃጠላል። ይህ ካልተቻለ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከፈላ በኋላ ለውሻ ቢሰጥ አይጐዳም። በሜዳ የሞተ በግም እንዲሁ ይቀበራል፤ እረኞች ብዙ ጊዜ ለውሻቸው ይተዉለታልና። ለውሻ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱን የወሰደው ውሻ ሁለት ቀን ያህል ታስሮ ይቈያል፤ በእነዚያ ቀኖች የሚጥለውም ዐይነ ምድር በእጅ ሳይነካ ይቀበራል።