ሩዝ የውሃን መከራ ስለሚታገሥበት ምክንያት

ሩዝ ውሃ የሚወድ እህል መሆኑ የታወቀ ነው። ሥሩ በውሃ ውስጥ ቢቆም ይፋፋል፤ ነገር ግን ጎርፍ መጥቶ እስከ ጫፉ የሸፈነው እንደ ሆነ ይሞታል። አየርና ብርሃን ያጣ ቅጠል ምግቡን በሚገባ ሊሠራ አይችልምና ነው። ስለዚህ በህንድና በባንግላዴሽ በቆላ የሚኖር ገበሬ ጎርፍ በበረታበት ዓመት የወራት ድካሙን በጥቂት ቀን ያጣል።

ውሃ ሩዙን በሸፈነው ጊዜ ኢቲሊን የሚባል፣ ከተክሉ ከራሱ የሚወጣ ጋዝ፣ መውጫ አጥቶ በአካሉ ውስጥ ይከማቻል። ይህም ጋዝ ለተክሉ እንደ መልእክተኛ ሆኖ መስጠሙን ያስታውቀዋል። ተራው ሩዝ መልእክቱን ሲቀበል ከውሃው በላይ ብቅ ለማለት ፈጥኖ ይረዝማል። ሲረዝምም ያጠራቀመውን ስኳር ይጨርሳል፤ ውሃው ቶሎ ያልጎደለ እንደ ሆነ ኀይሉ አልቆ ይጠፋል።

በህንድ አገር በኦዲሻ ግን ገበሬዎች ከአባቶቻቸው ከተቀበሉት ዘር ተመርጦ ኤፍ አር 13 ኤ የተባለ ሩዝ ተገኘ። ምርቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሰጥሞ ቈይቶ ይድናል። ሊቃውንትም ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ደክመው፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2006 ዓመት፣ ሳብ 1 ኤ የተባለውን ጂን ገለጡ።

ጂን ማለት ተክል ከወላጆቹ የሚወርሰው፣ በአካሉ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ከጂኖችም አንዳንዶቹ በሌሎቹ ላይ እንደ አለቃ ሆነው ይሾማሉ፤ ሳብ 1 ኤ ከነዚህ አንዱ ነው። ኢቲሊን በተከማቸ ጊዜ ይህ ጂን ተነሥቶ የሚያስረዝሙትን ጂኖች ይገታል። ሩዙም ማደጉን ትቶ ስኳሩን ይቈጥባል፤ ውሃው ሲሸሽ በቈጠበው ኀይል እንደገና ያቈጠቍጣል።

ሊቃውንትም በህንድ እጅግ የሚዘራውን ስዋርና የተባለውን ሩዝ ከኤፍ አር 13 ኤ ከተወለደ ሩዝ ጋር አዳቀሉ። ዲቃላውንም መልሰው መላልሰው ከስዋርና ጋር እያዳቀሉ፣ በየትውልዱ ጂኑን የያዘውን ቡቃያ በምርመራ እየለዩ አስቀሩ። እንዲህ የተገኘው ዘር በስዋርና ምርት ላይ የውሃን ትዕግሥት የጨመረ ሆነ፤ በ2009 ዓመትም ለህንድ ገበሬዎች ተፈቀደ።

ነገር ግን ይህ መድኀኒት ለጥቂት ቀን ጎርፍ እንጂ ለሁሉ አይደለም። ውሃ ለወራት በሚተኛበት አገር ዝም ብሎ መጠበቅ ሞት ነው። በዚያ የሚዘራው የጥልቅ ውሃ ሩዝ ስኖርክል የተባሉ ሌሎች ጂኖች አሉት፤ እነርሱም ያንኑ ኢቲሊንን ሰምተው ተክሉን ከውሃው ጋር እኩል እንዲረዝም ያዝዙታል። መልእክቱ አንድ ሲሆን ትእዛዙ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱም ግን በየስፍራቸው ያድናሉ።

ተማሪዎች ሆይ፥ ከዚህ የምንማረው ምርቱ ጥቂት ነው ተብሎ የጥንት ዘር ሊጣል እንደማይገባው ነው። የኦዲሻ ገበሬዎች ያን ዘር ንቀው ትተውት ቢሆን ኖሮ ሊቃውንት በዚያ የሚመረምሩት ባላገኙም ነበር።