ስም ለሁለት ትውልድ



በጮሌም ሆነ በአሰላ ልጅ ሲወለድ ስም አውጪው ብዙ ነው። አያት ትመርቅበታለች፤ አባት ይመኝበታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በእኛ ሥርዓት ስም ለአንድ ሰው ብቻ አይወጣም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በነባሩ ልማድ ጸና፤ ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ ለወንድ ልጃችሁ የምታወጡት ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም ነው። የአርሲዎቹን እጅጋየሁን፣ ጥሩነሽንና ገንዘቤን ዓለም ሁሉ «ዲባባ» ሲል የጠራው በአባታቸው ስም ነው። የሴት ልጅም ስም ከአባቷ ስም ጋር ተጋጥሞ ይኖራል። በኦሮምኛ «ደራርቱ» ያበበች፣ «ቱሉ» ደግሞ ኮረብታ ማለት ነው፤ ሁለት ትውልድ ያወጣቸው ስሞች ያበበ ኮረብታ ሆነው ተገናኙ።

«ማስረሻ»፣ «ምትኩ»፣ «ካሳ» የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ ይወጣሉ። ለወላጅ መጽናኛ ናቸውና አልነቅፋቸውም። ሆኖም ሕፃኑ ባላየው ወንድሙ ምትክነት እየተጠራ ያድጋል፤ ልጆቹም ያንኑ ይወርሳሉ።

እንግዲህ ስሙን ከማጽናታችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩት፤ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከአባቱ ስም ጋር፣ በመጨረሻም ገና ካልተወለደ የልጅ ልጃችሁ ስም ቀጥሎ።