ዘንጉን ከመግዛት በፊት፦ የድብድብ ጨዋታ መቆጣጠሪያ በፊዚክስ ዓይን

እንደሚታወቀው በሀገራችን ከተሞች ከጆተኒውና ከከረምቡላው ጎን ለጎን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የወጣቱ መዋያ ከሆኑ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሮቤና በጎባም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ቤቶች እግር ኳስ ቀዳሚውን ስፍራ ቢይዝም፣ እንደ ተከን፣ ሞርታል ኮምባትና ስትሪት ፋይተር ያሉት የድብድብ ጨዋታዎችም የማይለዩአቸው ወዳጆች አሏቸው።

ባለፈው በጋ፣ ቀደም ሲል ተማሪያችን የነበረና አሁን በሮቤ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት የሚያስተዳድር ወጣት ቢሯችን ድረስ መጥቶ አንድ ጉዳይ አማከረን። በዐረብ ሀገር በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ታላቅ እህቱ «ለሥራህ የሚረዳህን አንድ ዕቃ ልላክልህ» ብላዋለች። እርሱም የተመኘው የውድድር ሥርጭቶች ላይ የሚያየውን ባለ ዘንግ ሰፊ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም አርኬድ ስቲክ የሚባለውን ነው። «መምህር፣ እርስዎ ውጭ ሀገር ኖረዋል፤ የትኛውን ላክልኝ ልበላት?» ሲል ጠየቀን። የዕቃው ዋጋ ከእህቱ የወር ደመወዝ ብዙም የሚያንስ ስላልነበረ፣ ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ ሆኖ አላገኘነውም።

አንድ የታወቀ ስም ጠርተን ልናሰናብተው እንችል ነበር። ከዚህ ያገደን የራሳችን ስሕተት ነው። ለትምህርት በውጭ ሀገር ሳለን ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራ ግሩም ዘንግ ገዝተን ነበር። ከዓመታት በኋላ እዚሁ ሮቤ ውስጥ ርካሽ ማገናኛ ፈልገን ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር ብናያይዘው፣ ለስምንት ደቂቃ ያህል በሚገባ ይሠራና ድንገት ይቋረጣል። ሽቦው ነው ብለን ሳጥኑን ከፈትን፤ በየመገጣጠሚያው እንደገና በቆርቆሮ በየድን፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለካን። ሁሉም ደህና ነበሩ። ጉድለቱ ከነጭራሹ በዘንጉ ውስጥ አልነበረም።

በመሆኑም ይህን መሰል ዕቃ ሲመረጥ መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ዘንጉ የእጃችንን እንቅስቃሴ በታማኝነት ይቀበላልን? ሁለተኛው፣ የጨዋታ መሣሪያው ዘንጉን ያውቀዋልን? ብዙ ገዢዎች የሚጨነቁት በመጀመሪያው ሲሆን፣ ገንዘብ የሚያስከስረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በየተራ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ዘንጉ ከየት መጣ?

የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ስትሪት ፋይተር 2ን ባወጣ ጊዜ፣ ጨዋታው የተሠራው ሳንቲም እየተጨመረበት ለሚሠራ ትልቅ ሣጥን ነበር። በሣጥኑ ፊት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ዘንግና ስድስት ቁልፎች ነበሩ። አርኬድ ስቲክ የሚባለው ያንኑ የሣጥኑን ገበታ ቆርጦ ወደ ቤት እንደማምጣት ያለ ነገር ነው። በሀገራችን ግን የሳንቲሙ ሣጥን እምብዛም ስላልተስፋፋ፣ ወጣቱ የድብድብ ጨዋታን የተማረው ከፕሌይስቴሽን ጋር በሚመጣው፣ በተለምዶ ጆይስቲክ በምንለው የእጅ መቆጣጠሪያ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዘንግ የሌለው ተጫዋች ደካማ ነው ማለት እንዳልሆነ ነው። ኢቮ በሚባለው ዓመታዊ የዓለም ውድድር እ.ኤ.አ. በ2014 በአልትራ ስትሪት ፋይተር 4 ያሸነፈው ሉፊ የተባለው ፈረንሳዊ የተጫወተው በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አሮጌ ጆይስቲክ ነበር። ዘንግ የሚገዛው እጅን ስለሚያሳርፍ፣ ለመጠገን ስለሚመችና ብዙ ሰው የሚፈራረቅበትን ሥራ ስለሚችል እንጂ ድል ስለሚያስገኝ አይደለም።

እጅን የመስማት ጉዳይ

የተለመደው ጆይስቲክ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዘንግ በአብዛኛው የሚሠራው በተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። ጣታችን ሲገፋው አንድ ብረት በካርቦን ንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፤ በዚህም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለዋወጣል። መንሸራተት ባለበት ሁሉ ሰበቃ፣ ሰበቃ ባለበት ደግሞ መበላት አለ። ከስንዴ አጨዳ በኋላ የሮቤን ነፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው፣ በጌም ቤት ውስጥ ማንም ሳይነካው ገጸ ባሕርዩ በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲራመድ ቢያይ ሊደነቅ አይገባውም።

አርኬድ ስቲክ ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። በዘንጉ እግር ዙሪያ አራት ማይክሮስዊቾች አሉ፤ እነርሱም ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጠብቁ ናቸው። ዘንጉ ወደ ጥግ ሲያዘነብል ሁለት ጎረቤታማ ስዊቾች በአንድነት ይነካሉ። ስለዚህም አራቱ ስዊቾች ስምንት አቅጣጫዎችን ይሰጡናል። በስትሪት ፋይተር የታወቀው ሃዶከን ታች፣ ታችና ፊት፣ ከዚያ ፊት ተብሎ ቡጢ ሲጨመርበት የሚወጣ ነው። የመካከለኛው ጥግ ካልተነበበ የእሳት ኳሱ ይቀርና ባዶ ቡጢ ይወጣል።

ይህን ጥግ የሚወስነው የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚገድበው በረት ቅርጽ ነው። በጃፓን ዘንጎች የተለመደው አራት ማዕዘን ሲሆን፣ አራቱ ጥጎች እጅን በቀጥታ ወደ ሰያፍ አቅጣጫ ይመሩታል። ስምንት ማዕዘን የሆነው ደግሞ እያንዳንዱን አቅጣጫ በጭረት ያሳውቃል። ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልሰው በጃፓኖቹ ሞላ፣ በኮሪያዎቹ ጎማ ነው። የጎማው አመላለስ ጠንከርና ፈጠን ያለ በመሆኑ ብዙ የተከን ተጫዋቾች ይመርጡታል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚል ሕግ ግን የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሣጥኑ ክብደት ይመጣል። የሰበቃ መጠን 0.5 ነው ብለን ብናስብ፣ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሣጥን ከጠረጴዛ ላይ ለማንሸራተት 5 ኒውተን ያህል ኃይል ይበቃል። 3 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ግን 15 ኒውተን ገደማ ያስፈልጋል። በጨዋታ ሙቀት የሚደረግ ጉተታ 10 ኒውተን ቢደርስ ቀላሉ ሣጥን ከቦታው ይሸሻል፤ ከባዱ ባለበት ይረጋል። በመላኪያ ዋጋ ረገድ ቀላሉ ሊያጓጓ ቢችልም፣ ከሥሩ ጎማ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ጊዜው የሚጠፋው የት ነው?

የድብድብ ጨዋታዎች በአብዛኛው በሰከንድ 60 ምስሎችን ያሳያሉ። ይህም ማለት እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። የሰው ልጅ ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት 200 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከዚህ በተጨማሪ በመንገድ ላይ የሚባክን ጊዜ ካለ ተጫዋቹ ይጎዳል።

ብዙዎች ረጅም ሽቦን ይወቅሳሉ። በሽቦ ውስጥ ምልክት በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 3 ሜትር ለማቋረጥ የሚፈጅበት 15 ናኖሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህም ከአንድ ምስል ዕድሜ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሽቦው ንጹሕ ነው። ከዚያ ይልቅ መሣሪያው ዘንጉን በሰከንድ ስንት ጊዜ ይጠይቀዋል የሚለው ይበልጣል። በሰከንድ 125 ጊዜ ከሆነ እስከ 8፣ 1,000 ጊዜ ከሆነ እስከ 1 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ይኖራል።

ትልቁ ሌባ ግን ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ሳያዘገዩ ያሳዩ ነበር። ዝርግ ቴሌቪዥኖች ግን ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩት ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ሊያዘገዩት ይችላሉ፤ ይህም ከሦስት እስከ ስድስት ምስሎች ማለት ነው። መፍትሔው በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም» የሚለውን ሁኔታ መምረጥ ሲሆን፣ ምንም ወጪ የለውም።

ይህን ለመለካት በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ የእጅ ስልክ ይበቃል። ቁልፍ የሚጫነውን ጣትና ቴሌቪዥኑን በአንድነት ቀርጾ፣ ጣቱ ቁልፉን ከነካበት ገጸ ባሕርዩ እስከተንቀሳቀሰበት ድረስ ያሉትን ምስሎች መቁጠር ነው። ለምሳሌ 24 ምስሎች ቢቆጠሩ መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ነው። እኛም ከወጣቱ ጋር በቤቱ ተገኝተን ይህንኑ አደረግን። «ጌም» የሚለው ከተመረጠ በኋላ የነበረው ልዩነት ሳይቆጠር በዓይን የሚታወቅ ነበር። «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ጆይስቲኩን ስንሰድበው የኖርነው በሐሰት ነው» ብሎ ሳቀ።

መሣሪያው ያውቀዋልን?

አሁን ወደ ስምንቱ ደቂቃ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ተራ የዩኤስቢ ዘንግ ሲሰካበት ብዙም ሳይጠይቅ ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ግን እንደ በር ጠባቂ መታወቂያ ይጠይቃል። ዘንጉ በውስጡ ባለ ምስጢራዊ ቁልፍ ለቀረበለት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠ፣ መሣሪያው ስምንት ደቂቃ ያህል ታግሦት ያባርረዋል። እኛ ያን ሁሉ ብየዳ የበየድነው መታወቂያ ለሌለው እንግዳ ኖሯል!

ሌሎቹም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ኤክስቦክስ ከፕሌይስቴሽን የተለየ የራሱ መታወቂያ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮም ማይክሮሶፍት ያልፈቀዳቸውን መቆጣጠሪያዎች ማገድ ጀምሯል። ኮምፒዩተርና የኒንቴንዶ ስዊች በአንጻሩ የዋሆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ለፕሌይስቴሽን 4 በተፈቀደ ዘንግ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን ያጫውታል። ለራሱ ለ5ቱ በተሠሩ ጨዋታዎች ግን የሚሠራው ጨዋታው ከፈቀደ ብቻ ነው። ስትሪት ፋይተር 6 ከሚፈቅዱት አንዱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው፤ ዘንግ የሚገዛው ካሉን ወይም ወደፊት ሊኖሩን ከሚችሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጥብቅ ለሆነው ነው። ለጥብቁ የተፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒዩተር አይቸግርም፤ ግልባጩ ግን አይሠራም። ለምሳሌ የጃፓኑ ሆሪ ኩባንያ ፋይቲንግ ስቲክ አልፋ የሚለው ዘንግ ለፕሌይስቴሽን 5 የተፈቀደ ሲሆን፣ በፕሌይስቴሽን 4ና በኮምፒዩተርም ይሠራል። ለኤክስቦክስ የሚሆነው ግን ለብቻው የተሠራ ነው። ፕሌይስቴሽንንና ኤክስቦክስን በአንድ ዘንግ ለማገልገል የሚሻ ሰው በአብዛኛው እንደ ታይዋኑ ብሩክ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩትን አስተርጓሚ ማገናኛ መጨመር ይኖርበታል። የመሣሪያዎቹ ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር አስተርጓሚውም መታደስ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህ ራሱ እንደ ወጪ ሊታሰብ ይገባል።

በእጅ መሥራትስ?

የሚጫወተው በኮምፒዩተር ለሆነ ተማሪ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ራስፕበሪ ፓይ ፒኮ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በ4 ዶላር ለገበያ ቀርባለች። ጂፒ2040-ሲኢ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ አንዱን ሽቦ ከሰሌዳዋ እግሮች፣ ሌላውን ከጋራው ዜሮ መስመር ጋር ማያያዝ ነው። ሰሌዳዋ በእግሮቿ ላይ 3.3 ቮልት ትይዛለች፤ ቁልፉ ሲጫን ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ይህም «ተጭኗል» ተብሎ ይነበባል። ዘንጉን ትቶ አቅጣጫውን ሳይቀር በቁልፍ የሚሠራ ሣጥን በዓለም ውድድሮችም እየተለመደ በመምጣቱ፣ አስቸጋሪውን ክፍል ከውጭ ማስመጣት የግድ አይደለም። ሣጥኑን የሮቤም ሆነ የጎባ አናጺ ሊሠራው ይችላል። መታወቂያ ለሚጠይቁት መሣሪያዎች ግን ይህ ሰሌዳ ብቻውን እንደማይበቃ ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

ማጠቃለያ

ወጣቱ ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ወደፊት 5ቱን መግዛት ነው። ስለዚህ ለእህቱ የላከው መልእክት የዕቃ ስም አልነበረበትም። ሦስት መስመር ብቻ ነበር፦ በካርቶኑ ላይ ፕሌይስቴሽን 5ና ፕሌይስቴሽን 4 ሁለቱም ተጽፈው ይገኙ፤ በሶኒ የተፈቀደ መሆኑ ይገለጽ፤ ቁልፎቹ ሲበላሹ የሚለወጡ፣ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ይሁኑ። ስለ ጨዋታ ምንም የማታውቅ እህት እንኳ በሱቅ ቆማ ልታነብበው የምትችለው ይህን ነው።

ዘንጉ ከሦስት ወር በኋላ ደረሰ። ወጣቱም እኛን ጠርቶ፣ ደንበኞቹ ዙሪያውን ከበው እያዩ ሰካው። ማንም ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ውበቱ አልተናገረም፤ ሁላችንም ሰዓት እያየን ነበር። ዘጠነኛው ደቂቃ ገብቶ ዘንጉ መሥራቱን ሲቀጥል፣ ወጣቱ ስልኩን አንሥቶ ለእህቱ ደወለ።