ኤምባሲው ሲስማማ፣ ማቆያው ሲዘጋ
የሳዑዲ ዓረቢያና የሶማሊያ ወዳጅነት ለበግ ነጋዴው ምን ያህል ዋስትና ይሆናል?

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 2016 ሪያድ ከቴህራን ጋር ግንኙነቷን ስታቋርጥ ሞቃዲሾ ቀናት ሳይቆዩ ተከተለቻት። የኢራን ዲፕሎማቶች ከሶማሊያ እንዲወጡ ታዘዙ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ለሶማሊያ የ50 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል መግባቷን ሮይተርስ አየሁት ያለውን ሰነድ ጠቅሶ ዘገበ። በዲፕሎማሲ ቋንቋ ከዚህ በላይ መቀራረብ አይገኝም። ዓመቱ ሳያልቅ ግን፣ በዲሴምበር፣ ሳዑዲ ከሶማሊያ የሚመጣ የቁም እንስሳ እንዳይገባ አገደች። ያውም ድርቅ ከብቱን እየጨረሰ፣ አርብቶ አደሩ ያለችውን በግ ሸጦ እህል ሊገዛ በሚሯሯጥበት ጊዜ።

የቀረበው ምክንያት በሽታ ነበር። በፖለቲካው መድረክ የተገኘው ውለታ በወደቡ ላይ አልተቆጠረም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሶማሊያ በ1974 የዓረብ ሊግ አባል ስትሆን ትልቁ የውጭ ምንዛሪ ምንጯ የቁም እንስሳ፣ ትልቋ ገዢዋም ሳዑዲ ነበረች። በ1983 ሳዑዲ የደስታ በሽታን ጠቅሳ የሶማሊያን የቀንድ ከብት አገደች፤ የዚያድ ባሬ መንግሥት በአንድ ውሳኔ ዋና ገቢው ተናጋበት። ቀጥሎ ተራው የበግና የፍየል ሆነ። ከ1997ቱ ከባድ ዝናብ በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በደቡብ ሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሳ፤ ሳዑዲ በፌብሩዋሪ 1998 በሯን ዘጋች። ለዒድ አል አድሃ የቀረው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከፈተች። በሴፕቴምበር 2000 ግን በሽታው በራሷ ምድር፣ በጂዛን፣ እና በጎረቤት የመን ታየ። ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር፤ በሳዑዲ ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ጊዜ የተዘጋው በር የተከፈተው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2009 መጨረሻ ነው።

ስለዚህ «እገዳው ሰበብ ነው» የሚለው የገበያ ወሬ ግማሽ እውነት እንኳ አይሆንም። ሳዑዲዎች የቀበሯቸው ሰዎች አሏቸው። ግን «ነገሩ ሁሉ ጤና ብቻ ነው» ማለትም አያስኬድም። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የሶማሌ በግ ወደ ሳዑዲ መግባቱን አላቆመም፤ መንገዱን ነው የቀየረው። በቦሳሶ ወደ የመን ይጫናል፣ ከዚያ በየብስ ድንበር ይሻገራል። በ2006 የጅቡቲው ዳመርጆግ ማቆያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ በበርበራ የተከለከለው በግ በጅቡቲ ወረቀት በሕጋዊ መንገድ ጅዳ ደረሰ። በጉ ያው ነው፣ ግጦሹም ያው ነው። የተለወጠው ማቆያውና ማኅተሙ ነው።

በርበራም የተከፈተላት በዚሁ መንገድ ነበር። በ2009 አንድ የሳዑዲ ባለሀብት በዚያ ማቆያ አቋቋመ፤ እገዳውም በዚያው ዓመት ተነሳ። ሪያድ ሶማሊላንድን እንደ አገር አታውቃትም፤ የበርበራን በግ ግን ገበያዋ በስሙ ጠርቶ ይገዛዋል። ለትናንሽ ላኪዎች ዋጋው ከበድ ያለ ነበር። ማቆያው፣ የማስገቢያ ፈቃዱና ገዢው በጥቂት እጅ ሲሆኑ ዋጋ የሚቆረጠው ቡርዖ ላይ ሳይሆን ጅዳ ላይ ነው። ሆኖም ንግዱ አንሰራራ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደገመተው ሶማሊያ በ2014 አምስት ሚሊዮን ያህል እንስሳ ወደ ውጭ ልካለች፤ ዋጋውም 360 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በግ ብዙ ነው። ከደጋህቡርና ከጅግጅጋ ዙሪያ ተሰብስቦ በቶጎ ውጫሌ የሚሻገረው እንስሳ በርበራ ሲደርስ የበርበራ ወረቀት ይዞ ይጫናል። ባለቤቱ የአዲስ አበባና የሪያድ ግንኙነት መልካም መሆኑን በሬዲዮ ቢሰማም፣ በጉን የሚመለከተው ግን የሌላ አገር ጉዳይ ነው። ሳዑዲ በርበራን ስትዘጋ ጅግጅጋ ላይ ዋጋ ይወርዳል፤ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም።

የደም ምርመራውም የራሱ ጣጣ አለው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ያረገዘች በግ ትጨነግፋለች፣ ግልገል ያልቃል፤ የደረሰ አውራ በግ ግን ታሞ ድኖ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ደሙ ውስጥ የቀረው ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በቅርቡ መያዙን፣ ሌላው ድሮ መያዙን ወይም መከተቡን ያሳያል። በተለመደው ምርመራ የተከተበውን ታሞ ከዳነው መለየት አይቻልም። ስለዚህ «አስከትቤያለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም፤ የትኛው ምርመራ እንደሚጠየቅ ሳያውቁ መጫን ኪሳራ ነው። ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላው ነገር፣ መርከቡ ከጅዳ ቢመለስ ኪሳራው የማን እንደሆነ ነው። በቃል የተስማማ ሁሉ ያን ቀን የሚያስታውሰው የራሱን ቃል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው አለ። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2026 ዒድ አል አድሃ ሜይ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ በ2030 አፕሪል አጋማሽ፣ በ2033 ደግሞ ማርች ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ይደርሳል። የበጉ ዝግጅትና ምርመራ ያኔ ከዴር ዝናብ ማግስት፣ ትንኝ ከሚፈላበት ወቅት ጋር ይገጥማል። የ1998ቱም ሆነ የ2016ቱ እገዳ የመጣው በዚያው የዓመቱ ክፍል ነው። መጫኛው ደግሞ ጅላል ላይ ይሆናል፤ እንስሳው ከስቶ፣ መኖ በውድ የሚገዛበት ወቅት ነው። ማቆያ ውስጥ ለሳምንታት ከብት የሚቀልብ ነጋዴ የዛሬውን ሒሳብ በዚያ ጊዜ ዋጋ ቢያሰላው፣ በአንድ በግ የሚቀረው ትርፍ ከወዲሁ ይታየዋል።